አባይነህ በር ሲያንኳኳ

አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ አባይነህን የማያውቅ አበሻ የለም፤ አባይነህ ቤቱ እንዲመጣ የሚፈልግ አበሻም የለም። ሰውየው ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሠርግ ሲኖር ወንበር የሚደረድር፣ መኪና ቆሞበት ለተጨነቀ ሰው ሊትልተን ድረስ ሄዶ ባትሪ የሚያስነሳ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ድምፁም እንደ ጋቢ የሚሞቅ ሰው ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ ይናገራል። የአንዱ እናት አገር ቤት ስታርፍ፣ የሌላዋ ወንድም መንገድ ላይ ሲቀር፣ ዘመድ የሚደውለው ለባለ ሐዘኑ ሳይሆን ለእድሩ ነው። እድሩ ደግሞ የሚደውለው ለአባይነህ ነው።

ሥራውን ፈልጎ አልያዘውም። ያኔ ሁሉም አዲስ ገብ ሳለ ሚኒቫን የነበረው እሱ ብቻ ስለነበር ሽማግሌዎቹን ጭኖ እንዲሄድ ተለመነ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱን ሳል ያዘው፣ ሌላው የጫማውን ክር ለማሰር አጎነበሰና ሳይነሣ ቀረ። ሰው ብርድ ላይ ቆሞ እስከ መቼ ይጠብቃል? አባይነህ ራሱ አንኳኳ፣ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ተናገረ። ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ያንተ አፍ ጥሩ ነው» አሉት። በዚህች ምስጋና ነው የታሰረው። ላይችል አይሰጥ ይባላል፤ እሱ ደግሞ የቻለ መሰለና ጨመሩበት፣ ጨመሩበት።

የአሜሪካ መርዶ ደግሞ እንደ አገር ቤቱ አይደለም። እዚህ ሽቅድድሙ ከፌስቡክ ጋር ነው። አንዱ የአክስት ልጅ የሟቹን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ከማለቱ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ባለ ሐዘኗን በስልክ ወሬ ይይዛታል፣ አንዱ አለቃዋን ለምኖ ፈቃድ ያስወጣላታል፣ አንዱ ቤት እንደገባ የመኪናዋን ቁልፍ ቀስ ብሎ ኪሱ ይከታል። ጊዜው ንጋት ላይ ነው፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ። በር ሲከፈት አባይነህ ፈገግ ብሎ «እንዲሁ ላያችሁ ብዬ ነው» ይላል። ይቀመጣል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ የግፊት መድኃኒቷን መውሰዷን ያጣራል፣ የጀመረችውን ሻይ ያስጨርሳታል። ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል። በዚህ ላይ ሕግ አለው፤ ስም ተጠርቶ፣ ባጭሩ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይኬድ።

ሰዎች አባይነህ ልቅሶው የሚከብደው ይመስላቸዋል። ልቅሶውንስ ለምዶታል። ያልለመደው ከልቅሶው በፊት ያለውን ነው። በሩ ይከፈትና ሰውየው ፊቱ በርቶ «ውይ አባይነህ፣ ግባ፣ ግባ» ይላል። ወንበር ይስባል፣ ምን ልስጥህ ይላል። በዚያች ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ እናትየዋ አልሞተችም። ሞቷን የሚያውቀው አባይነህ ብቻ ነው፤ ይዟት የገባውም እሱ ነው። የደስታውን ፊት እያየ «አሁን ላጠፋው ነው» ብሎ ማሰቡን ለሃያ ዓመት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፣ ሆዱም ፈጀው።

በኋላ ፊቶቹ በሕልሙ ይመጡ ጀመር። የሚያለቅስ አንድም የለባቸውም። በር ይከፈታል፣ አንድ ሰው እየሳቀ ግባ ይለዋል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፤ ማን እንደሞተ ግን ይጠፋዋል። ሰውየው እየሳቀ ይጠብቀዋል። ሳቁ አያልቅም። አባይነህ በላብ ተነክሮ ሲነቃ ሟቹ ማን እንደሆነ ለማስታወስ እየታገለ ነው።

በቀንም ቢሆን አልቀረለትም። አንድ ቀን የአበሻ ግሮሰሪ ውስጥ በርበሬ ሲመርጥ ሔቨን የምትባል፣ የእናቷን ሞት የነገራት ልጅ ድንገት አየችው። ግማሽ የሞላ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ዘወር ሳትል ወጣች። አልተቀየማትም። እሱም በሷ ቦታ ቢሆን የሚወጣ መሰለው። ሰዎች «አባይነህ ሲደውል ተቀምጣችሁ አንሱ» እያሉ ሲቀልዱ አብሮ ይስቅ ነበር፤ እየቆየ ሳቁ ተወው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀነሰ፣ ምክንያቱም በቅጥሩ ሲያልፍ ሰው ሳያውቀው ገለል ይልለታል። ጢሙን መላጨት ተወ። የገዛ ቤቱን የፊት በር እንኳ ማየት ጠልቶ በጋራዥ በኩል ይገባ ጀመር።

ሚስቱ አፀደ ሴንቴኒያል ውስጥ በአረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ የታመመ ሰው ከሩቅ የምታውቅ ሴት ናት። ጠበል አስጠጣችው፣ ሐኪም ዘንድም ወሰደችው። ሐኪሙ ዲፕሬሽን ነው ብሎ ኪኒን አዘዘ። አፀደ ለጠየቃት ሁሉ «ስኳር ነው» አለች። እንግዲህ ስኳር እኛ ዘንድ የተከበረ በሽታ ነው፤ ሎሚና አብሽ ይዞ የሚጠይቅህ አታጣም። ዲፕሬሽን ያልክ እንደሆነ ግን አንዱ ጋኔን ነው ይልሃል፣ ሌላው ጥጋብ ነው ይልሃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን የምንደብቅ ሰዎች ነን።

አፀደ በሥራ ባልደረባዋ በኩል ነው ስለ ናዝራዊት የሰማችው። ከአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች ቢሮ ውስጥ፣ ከጸሎት ጋር ምክር የምትሰጥ፣ አማርኛ የምትናገር ባለ ሙያ ነበረች። አባይነህ ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ጠፍቶበት የነበረ ቀልዱ ትንሽ ብልጭ አለ፤ በስተርጅና ካቶሊክ ልታደርጊኝ ነው ወይ አላት። አፀደ ካቶሊክ ሁን አላልኩህም፣ ተናገር ነው ያልኩህ ብላ ቁልፉን እጁ ላይ አደረገችለት። ደግሞም አንድ ጥቅም ነበረው፤ እዚያ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን ቆማ የሚያይበት የአውሮራ ኦርቶዶክስ የለም።

ናዝራዊት ወላጆቿ የአዲስ አበባ ካቶሊኮች ናቸው፤ እሷ ገና በሕፃንነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ቋንቋው አፏ ላይ ያለ፣ ወጉ ግን ሳይደርሳት ያመለጣት ልጅ ናት። ቆይታቸውን በአጭር ጸሎት ትጀምራለች። በመጀመሪያው ቀን ጸሎትና ኪኒን አይጣሉም፣ ኪኒኑን እንዳይተዉ አለችው። ይህ ደስ አለው። ቀጥሎ ግን ማንም አበሻ ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀችው።

«ጋሽ አባይነህ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?»

አባይነህ አማተበ። ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው፣ እንዲህ ያለውን በአፌም አላነሣው አላት። ትንሽ አየችውና ሌላ ቀን ደግማ እንደምትጠይቀው ነግራው አለፈች። ደግማም ጠየቀችው፣ ደግሞም ዋሻት።

እውነቱ ሌላ ነበር። ጠዋት ጠዋት አፀደ ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያስበው ነበር። ሐሳቡ ሲመጣ ደግሞ እንደ ሰው ፈርቶ አልነበረም የሚመልሰው፤ እንደ ባለ ሙያ ነበር። «ለአፀደ ማን ይነግራታል?» ይላል። የእድሩን ሰዎች ባንድ ባንድ ያስባቸዋል። ፍቅረሥላሴ ሲጨንቀው ይስቃል። ሊዑል ገና በሩ ላይ ያለቅሳል። ያ ሌላው ደግሞ ወሬ ያበዛል፤ እሷን አቁሞ ግማሽ ሰዓት ስለ ፈቃደ እግዚአብሔር ይሰብካታል። አንድም ጥሩ አፍ ያለው ሰው አጣ። እስካሁን ያቆየው ይኸው ብቻ መሆኑን ሲያውቅ ራሱን ፈራ። አንድ ቀን የሚሆን ሰው ያገኘ እንደሆነስ? ይህን ለናዝራዊት አልነገራትም፤ ለማንም አልነገረም።

እሷ ታይ የነበረው ሌላውን ሐዘኑን ነው። አንድ ቀን የዚያን ልጆቹና ከብቶቹ ባንድ ቀን ያለቁበትን ጻድቅ ታሪክ አነበበችለት። ያ ሁሉ ደርሶበት ፈጣሪውን እንዳልተወ እንዲሰማ ነበር ሐሳቧ። አባይነህ ግን ጆሮው የቀረው እየተሯሯጡ መጥተው ለጻድቁ የነገሩት ሰዎች ጋ ነው። እነዚያ መልእክተኞች ከዚያ በኋላ የት ደረሱ ብሎ ጠየቃት። ጻድቁ እጥፍ ድርብ ተመለሰለት፤ እነሱስ? ናዝራዊት መጽሐፉን ዘጋች። እንደማታውቅ ነገረችውና ያን ቀን ስለ እነሱ ብቻ ጸለዩ። ኋላም ያዘኑትን ማጽናናት በቤተ ክርስቲያኗ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ተደርጎ እንደሚቆጠር ነገረችው። አባይነህ ራሱን ነቀነቀ። የሚያጽናኑት ከኔ በኋላ የሚመጡት ናቸው፣ እኔ የማሳዝነው ነኝ አላት።

በዚህ ጊዜ ነው ሆምወርክ ብላ የቤት ሥራ የሰጠችው። «ጋሼ፣ ምንም ዜና ሳይዙ የሚወዱት ሰው ቤት ይሂዱ» አለችው። «ጀስት ቪዚት። እንግዳ ይሁኑ። ከዚያ መጥተው ይነግሩኛል።»

ልጅቷ መርዶ ሲነገር አይታ አታውቅም። የአያቷን ሞት የሰማችው የአጎቷ ልጅ በላከላት ቴክስት ነው። ቀላል ነገር ያዘዘች መስሏት ነበር። አባይነህ ግን ሊሆን የሚችለውን እያወቀ እሺ አላት። እንግዳ መሆን ናፍቆት ነበር። ወንበር ተስቦለት፣ ሻይ ቀርቦለት፣ ማንንም ሳይገድል ወደ ቤቱ መመለስ አማረው።

ወልደየስ ዘንድ ሊሄድ ወሰነ። ወልደየስ የካርቱም ጓዱ ነው፤ ሱዳን አብረው ተሰደው፣ ዴንቨር አብረው ገብተው፣ የመጀመሪያውን ክረምት ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለች ክፍል አንድ ፍራሽ ላይ ያሳለፉ ወንድማማች ናቸው። አሁን ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ይኖራል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ የቀረው ትልቅ መኪና እየነዳ ከስቴት ስቴት የሚዞረው ልጁ ኤርሚያስ ብቻ ነው። የወልደየስ ወንድም ጎንደር ሲያርፍ የነገረው አባይነህ ነበር። አልተጣሉም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወልደየስ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘው «ምነው ጠፋህ፣ ብቅ በል» ይለዋል እንጂ ቀን ቆርጦለት አያውቅም።

አባይነህ ተጠነቀቀ። መርዶ በንጋት ነውና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን መረጠ። ብቻውን ሄደ፤ መርዶ በቡድን ነውና። ኮት ትቶ ሹራብ ለበሰ። መርዶ ነጋሪ ብርቱካን አይይዝምና ብርቱካን ገዛ። ስልክ መደወል አልፈለገም፤ የሱ ስልክ ራሱ ሰው ያስደነግጣል። ደረጃውን ወጥቶ ያን ካሜራ ያለውን ደወል ተጫነ። ብዙ ቆይቶ ከደወሉ ውስጥ የወልደየስ ድምፅ መጣ።

«አባይነህ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ክፈት እንጂ።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እንዲሁ ላይህ ብዬ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀው። ለሃያ ዓመት በየደጁ የተናገራት ያቺው ናት። ሌላ ቃል ማዘጋጀት እንዳለበት አላሰበም፤ በኮትና በብርቱካን ሲጨነቅ አፉን ረሳው። ከውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

«ኤርሚያስ ነው» አለ ወልደየስ። እየጠየቀ አልነበረም።

አባይነህ ማለ፣ ተገዘተ። ማርያምን፣ ልጅህ ደህና ነው፣ ስለ ልጅህ አንዳች የሰማሁት የለም አለ። መልሱ አሁን ከደወሉ ሳይሆን ከበሩ እንጨት ጀርባ መጣ፤ ወልደየስ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ወንድሜም ደህና ነው ብለኸኝ ነበር። ሻዬን አስጨርሰኸኝ ነበር።»

አባይነህ ለልጅህ ደውልለት አለው። ወልደየስ ደወለ። ስልኩ ሲጠራ ደጅ ድረስ ይሰማል፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሣውም። መንገድ ላይ ነው፣ እየነዳ ነው አለ አባይነህ፤ ይህም ቢሆን መርዶ ነጋሪ ጊዜ ለመግዛት የሚለው ነገር ነው። ወልደየስ ደግሞ ደወለ። አሁንም የለም። ከዚያ ያ ድምፅ ጀመረ፤ ገና ልቅሶ ያልሆነው፣ ከሆድ የሚነሣው፣ አባይነህ በመቶ ቤት ውስጥ የሰማው። «ልጄን» ይላል ሽማግሌው። «ልጄን፣ ልጄን።» ውሻ ይዞ የሚያልፍ ጎረቤት ቆም ብሎ አያቸውና አለፈ።

አባይነህ ሊናገር አፉን ከፈተ። «አትደንግጥ» ሊል ነበር፤ ይህንንም ብሎታል። «እስቲ ተቀመጥ» ሊል ነበር፤ ይህንንም ብሎታል። ደግ ቃል ሁሉ በየሰው ደጅ አልቋል። ወልደየስ ደግሞ ልቡ ደካማ ነው፤ በዚህ ዓይነት እስከ ማታ አይቆይም። ብሄድስ ብሎ አሰበ። ከሄደ መርዶውን ጥሎ የሸሸ ይመስላል፣ ሽማግሌውም ልጁ እስኪደውል ድረስ በቁሙ ሲቀብረው ይውላል። በሄደበት ሁሉ ሞት እንደሚከተለው፣ መርዶ ሳይዝ እንኳ ቢመጣ እንደማይቀርለት ገባው።

ደረጃው ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ሊያድነው የሚችል የቀረው የሚያውቀው ሙያ ብቻ ነበር። ድምፁን አረጋጋ።

«ወልዴ፣ ስማኝ። እሺ፣ መርዶ ይዣለሁ። የኤርሚያስ ግን አይደለም።»

ከውስጥ ያለው ድምፅ ቆመ። «የማን ነው?»

«የአባይነህ።»

አባይነህ እንደ ሕጉ ባጭሩ ቀጠለ። «አባይነህ ታሟል። ስኳር አይደለም፤ አፀደ ውሸቷን ነው። ሞትን ይመኛል። ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ ራሱን ስለ ማጥፋት ያስባል። እስከ ዛሬ የቆየው ለአፀደ የሚነግራት ሰው አጥቶ ነው። የምትመክረው ልጅ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፣ ሁለት ጊዜ ዋሻት። ላንተ ነው የተናገረው።»

ይህን ሁሉ ሲል የሌላ ሰው ነገር የሚናገር ይመስል ድምፁ አልተሰበረም። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ። ወልደየስ በካልሲ ብቻ ሆኖ ወጣና ፊቱን አየው። የጓዱ ጢም መሸበቱን፣ ጉንጩ መግባቱን ገና አሁን አየ። አጠገቡ ደፉ ላይ ተቀመጠና የአባይነህን ሹራብ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ አለቀሰ። የሚያለቅሰው የታመመ እንደሚጠየቅ አልነበረም፤ ለሟች እንደሚለቀስ ስሙን እየጠራ ነው። «አባይነህ ወንድሜ» አለ፣ «የካርቱሙ ጓዴ አባይነህ፣ ስታመም ተሸክመህ ሐኪም ቤት ያደረስከኝ፣ ብርድ ልብስህን ለኔ ደርበህ ስትንቀጠቀጥ ያደርከው።» አውሮራን ሙሉ ያስለቀሰ ሰው ለሱ ሲለቀስ ሰምቶ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ስለ ማን እንደሚባል ቆይቶ ገባው። ከዚያ እሱም አለቀሰ፣ እንደ ልጅ፣ አፍንጫውን ሳይጠርግ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ልቅሶው ሲበርድ ወልደየስ ልጅቷ ዘንድ መቼ እንደሚሄድ ጠየቀው። ማክሰኞ አለ። አብረን እንሄዳለን፣ አሁን ያልከውን እንዳለ ትነግራታለህ፣ ለአፀደም ዛሬውኑ ትነግራታለህ አለው ወልደየስ። አባይነህ እሺ አለ።

በዚህ መሐል ከቤት ውስጥ ስልክ ጠራ። በሩ ክፍት ስለነበር ሶፋው ላይ ሲበራ ሁለቱም አዩት፤ የኤርሚያስ ስም ነው። ወልደየስ ዓይኑን ወደ ስልኩ ላከና አልተነሣም።

«አንሣው እንጂ» አለው አባይነህ።

«በሕይወት ያለ ሰው መልሶ ይደውላል» አለ ወልደየስ፣ ሹራቡንም አልለቀቀም።